ዘንዶው ዘንድሮም ቆዳውን ጣለ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ የሚያዩኝ ከአጥር ወዲያ ያሉ ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን ቡና ላይ «ለመሆኑ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ፓይተን በሚባል ቋንቋ ፕሮግራም እጽፋለሁ አልኳቸው። «ፓይተን ምን ማለት ነው?» አሉ። እኔ የዋሁ «ዘንዶ» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና አማተቡ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ በስንት መከራ የገደለውን እርስዎ ቤትዎ አስገብተው ይቀልባሉ?»

ስሙ ከእባብ አልመጣም፣ ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉ የእንግሊዝ ኮሜዲያን የቴሌቪዥን ትርዒት ነው የመጣው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ማን ሊሰማኝ! የቋንቋው አርማ ላይ ሁለት እባብ ተቃቅፈው እያዩ በምን ይመኑኝ?

ያኔ ስቄ አለፍኩ። አሁን ግን ሴትዮዋ ሳያውቁት አውቀዋል እላለሁ። የቀለብኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን በየዓመቱ ቆዳውን ይጥላል፣ በየዓመቱ ይረዝማል፣ በየዓመቱ ደግሞ «አንተን የት ነው የማውቅህ?» የሚል ፊት ያሳየኛል።

በየዓመቱ ስል ማጋነኔ አይደለም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ፤ ዘንዶው የእነሱ ነው።) ድሮ አዲሱ ቨርዥን ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ ነበር የሚመጣው። ሰው ይለምደዋል፣ ይዋደዳል፣ ከዚያ ቀጣዩ ይከተላል። ከ2020 ወዲህ ግን እንደ መስቀል ወፍ ቀን ቆጥሮ ነው ብቅ የሚለው፤ ወሩም ኦክቶበር ነው። የ2025ቱ 3.14 የወጣው በ7ኛው ቀን ነበር፤ በእኛ መስከረም 27፣ መስቀል በዋለ ልክ በአስረኛው ቀን። የደመራው አመድ እንኳ በቅጡ አልተጠረገም። ቁጥሩስ ቢሆን? እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት 3.14 ከ3.9 ያንሳል። እዚህ ግን 3.9 ሽማግሌ፣ 3.14 ጎረምሳ ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ብነግራት «ጋሼ፣ እሱ እኮ የአስርዮሽ ነጥብ አይደለም» አለችኝ። ታዲያ የምን ነጥብ ነው? የኩፍኝ?

የእህቴ ልጅ ስል፣ የመጀመሪያዋን የፕሮግራም መስመር ያጻፍኳት እኔ ነኝ። አሁን ደመወዟ እኔ በሠላሳ ዓመት አገልግሎት ከደረስኩበት ይበልጣል። እሑድ እሑድ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ ስትመጣ ኮምፒውተሬን «ላድስልዎት?» ትላለች። ስትሄድ ምንም ነገር ቦታው ላይ አይገኝም።

እኔ ፓይተንን ያወቅኩት የዛሬ 25 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በፎርትራን ሠርቻለሁ፣ በኮቦል ሠርቻለሁ፣ ፓስካል ተምሬያለሁ፣ በሲ ደግሞ ተለብልቤያለሁ። ሲ ማለት አንዲት ድርብ ሰረዝ ብትረሳ ሦስት ገጽ ስድብ የሚያወርድብህ ቋንቋ ነው። ፓይተን ሲመጣ ከእንጀራ እናት ቤት ወደ አያት ቤት የተዛወርኩ ነበር የመሰለኝ። የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮስም የሚባል ሆላንዳዊ ነው። በ1989 የገና ሰሞን አምስተርዳም ያለው የምርምር ማዕከሉ ሲዘጋ ሥራ ፈታና፣ እጄን ምን ላይ ላሳርፍ ብሎ ጀመረው። እኛ በገና ሩር ስንለጋ እሱ ቋንቋ ይለጋል። በ1991 ለሰው ሁሉ አወጣው።

በምን ወደድከው ካላችሁኝ በሁለት ነጥቡ ነው። በፓይተን «እንዲህ ከሆነ» ብሎ የሚጀምር መስመር በሁለት ነጥብ ያልቃል፣ የሚከተለው ደግሞ ገባ ብሎ ይጻፋል፤ በቃ። አባቶቻችን በየቃሉ መካከል ያሳርፏት የነበረችውን ሁለት ነጥብ ልጆቻችን ጊዜ ትፈጃለች ብለው በባዶ ቦታ ተክተዋት ነበር። አንድ ሆላንዳዊ ከወደቀችበት አንስቶ ሥራ የሰጣት መሰለኝ። ሰውየው ስለ እኛ ሁለት ነጥብ ሰምቶም እንደማያውቅ አይጠፋኝም፤ ፍቅር ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

ደግሞ ቋንቋው ሙሉ በሙሉ ጭንቅላት ውስጥ ይገባ ነበር። ቲም ፒተርስ የሚባለው ከቀደሙት ሰዎች አንዱ 19 አጫጭር መመሪያ ጽፎለታል፤ ዛሬም «ኢምፖርት ዚስ» ብላችሁ ብታዙት ይደረድርላችኋል። ከመመሪያዎቹ አንዱ፣ ለአንድ ሥራ አንድ ግልጽ መንገድ ይበቃል የሚል ነው። ይበቃል! አሁን «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ አጠገቡ የሰው ስም ለማስገባት ስንት መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ? የፐርሰንት ምልክቱ አለ፣ ፎርማት አለ፣ ቴምፕሌት የሚባል አለ፣ በ2016 የመጣው የኤፍ ጽሑፍ አለ፣ በ3.14 ደግሞ የቲ ጽሑፍ ተጨመረ። ለአንድ ሰላምታ አምስት መንገድ! የጎጃም ሰው እንኳ ሲሳለም ከዚህ ቀድሞ ይጨርሳል። (እውነት ለመናገር ሦስቱ የእኔው ዘመን ናቸው። ግን ለምጃቸዋለኋ!)

ዋናው ቁስሌ የ2008ቱ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን ሦስተኛው ፓይተን ወጣ፤ ከሁለተኛው ጋር ሆን ተብሎ እንዳይግባባ ተደርጎ። ድሮ «ፕሪንት» ብዬ የምፈልገውን እጽፋለሁ፣ እሱም ያትማል። ከዚያ ወዲህ ግን ቅንፍ ካልገባ ወይ ፍንክች! ጣቶቼ ለስምንት ዓመት የለመዱትን ሊረሱልኝ አልቻሉም። የሚያናድደው ደግሞ እምቢታው አይደለም፣ አባባሉ ነው። «ቅንፍ ረስተሃል፤ እንዲህ ልትል ፈልገህ ነው?» ብሎ ትክክለኛውን ጽፎ ያሳየኛል። የምፈልገውን አውቆ፣ ስሜን ጠርቶ፣ በሩን የማይከፍት ዘበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመውጣትም እንዲያው ነው፤ «ኤግዚት» ስለው ከመውጣት ይልቅ እንዴት እንደሚወጣ ያስተምረኝ ነበር። ይህችን ብቻ በ2024 አስተካከሉልኝ። አሁን ውጣ ሲሉት ይወጣል። ለዚህ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ።

የማካፈሉ ነገር ግን ከሥራ ሊያስወጣኝ ነበር። በሁለተኛው ፓይተን 7ን ለ2 ስታካፍለው 3 ይልሃል፤ ሙሉ ቁጥር በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ትርፍራፊውን ይጥላል። በሦስተኛው 3.5 ይላል። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ሳለሁ የመስክ አበል የሚያከፋፍል ፕሮግራም ጽፌ፣ ፕሮግራሙ ለዓመታት ያለ አንዳች ቅሬታ ሲሠራ ኖረ። ወደ ሦስተኛው ያዛወርነው ዕለት የሁሉም ሰው አበል በሳንቲም ጨመረ። ሠራተኛው ተደሰተ፤ ኦዲተሩ ግን ሰው አይደለ፣ መጣ። «ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ የት ሲገባ ነበር?» አለኝ። የት ገባ ልበለው? ዘንዶ በላው ልበል? ቋንቋው ነው የሚጥለው ብዬ ሁለቱን ቨርዥን ጎን ለጎን ከፍቼ 7ን ለ2 እያካፈልኩ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። «ሲያካፍል የሚሰርቅ ኮምፒውተር መኖሩን አላውቅም ነበር» ብሎ ያንን ቃል በቃል ሪፖርቱ ላይ አሰፈረው።

ለመሸጋገሪያ የሰጡን ቀነ ገደብ ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበር። መጀመሪያ 2015 ተባለ፣ ማንም አልቀረበም፤ ወደ 2020 ተላለፈ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ሁለተኛው ፓይተን ድጋፉ ተቋረጠ። ዜናውን የሰማሁት በሁለተኛው ፓይተን የሚሠራ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው።

ይህን ሁሉ እርግማን አውርጄ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፤ ካልተናገርኩት አይወርድም። በሁለተኛው ፓይተን «አበበ» ስንት ፊደል ነው ብላችሁ ብትጠይቁት ዘጠኝ ይላል። የእኛ እያንዳንዱ ፊደል በኮምፒውተሩ ማኅደር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ እሱም የሚቆጥረው ባይቱን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። የመጀመሪያዋን ፊደል ቁረጥልኝ ስለው የ«አ»ን አንድ ሦስተኛ ቆርጦ ያቀብለኝ ነበር። የ«አ» አንድ ሦስተኛ ምን እንደሚመስል አይታችሁ አታውቁም፤ እኔ አይቻለሁ፤ ጥያቄ ምልክት ይመስላል። የሠራተኛውን ስም ዝርዝር አትም ስለው ደግሞ ከላይ እስከ ታች በግራ ያዘነበለ ጭረትና የላቲን ፊደል ዘርግፎ፣ ደመወዝ ሊቀበል የመጣ ሰው ስሙን አጥቶ ተመልሷል።

በሦስተኛው «አበበ» ሦስት ነው። ሦስት! የሚረገመው ሦስተኛው ፓይተን፣ ቅንፍ ካላስገባህ የሚለው፣ ኦዲተር ያስመጣብኝ፣ እሱ ነው ፊደሌን እንደ ሰው የቆጠረልኝ። ከዚያም አልፎ ለተለዋዋጮች የአማርኛ ስም ማውጣት ይፈቅዳል። ደመወዝ ሲደመር አበል ሲቀነስ ግብር ብዬ ጽፌ ሠርቶልኛል። ያን ቀን በሩን ዘግቼ ብቻዬን ነበር የተደሰትኩት። ለእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እናንተም አደራ።

አስተዳደሩም ተለውጧል። ጊዶ «የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ቀልድ ቢሆንም የመጨረሻው ቃል ግን የእሱ ነበር። በጁላይ 2018 በገዛ ፈቃዱ ወረደ። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ሁለት ነጥብና እኩል ይሆናል ጎን ለጎን የሚጻፉባት ምልክት! ወደ ጎን ሲያዩዋት ዓይንና ጥርስ ትመስላለች ብለው ዋልረስ በሚባል ጥርሰ ረጅም የባሕር እንስሳ ሰየሟት። እኔ በፓስካል ዘመን በየመስመሩ የጻፍኳት፣ ማንም ስም ያላወጣላት ምልክት ናት። ትግባ አትግባ ተብሎ ያ ሁሉ ሰው ተነታረከ፤ ሰውየው ትግባ ብሎ ከወሰነ በኋላ በቃኝ፣ እንግዲህ ራሳችሁን አስተዳድሩ ብሎ ሄደ። ለዕድሜ ልክ ተሹሞ በአንዲት ሥርዓተ ነጥብ የወረደ ገዢ እኔ በኖርኩበት ዘመን ሌላ አላየሁም።

አሁን አምስት የተመረጡ ሰዎች ያሉት ምክር ቤት ነው የሚወስነው። በመጀመሪያው ምክር ቤት ጊዶ ራሱ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ጡረታ ወጣ፤ በ2020 ጡረታ ሰለቸኝ ብሎ ማይክሮሶፍት ገባ። ከዘንዶው ባለቤት ጋር ሙሉ በሙሉ የተስማማሁት በዚህች ብቻ ነው። እዚያ ፓይተንን የሚያፈጥን ቡድን ተቋቁሞ፣ የ2022ቱ 3.11 ካለፈው በአማካይ 25 በመቶ ፈጠነ። በሜይ 2025 ኩባንያው ከቡድኑ ሰዎች በርከት ያሉትን ቀነሰ። ፈጣኖቹን ፈጥኖ አሰናበታቸው።

የመታወቂያውን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ፓይተን ድሮ «ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ» አይልም ነበር። ቁጥር ብታመጣ ቁጥር፣ ጽሑፍ ብታመጣ ጽሑፍ፤ ሥራውን ከሠራ ያስገባሃል። በ2015፣ ከ3.5 ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ነገር ዓይነቱ አብሮት ይጻፍ የሚል ልማድ መጣ። ይህ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ያ የጽሑፎች ዝርዝር ነው፣ ይህ ደግሞ ወይ ጽሑፍ ወይ ምንም። የእህቴ ልጅ የምትጽፈውን ስታዩ ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ መታወቂያ ነው። ይሁን፣ ሥርዓት ነው አልኩ። አንድ ቀን ግን ሆን ብዬ ሙሉ ቁጥር ነው ብዬ ጽፌ ውስጡ «ሽሮ» አስገባሁ። አንዳች ሳይል ተቀበለኝ! መታወቂያ ያዙ ይላል እንጂ በር ላይ ቆሞ የሚያይ የለም። የሚያየው ማይፓይን የመሰለ ሌላ መሣሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ ለብቻው ታመጣለህ። ዘበኛውን እንግዳው ራሱ ይዞ የሚመጣበት ግቢ!

ማምጣት ሲባል ደግሞ፣ አንዲት ላይብራሪ ለማስገባት ድሮ «ፒፕ» ብዬ ስሟን ስጠራ ያበቃ ነበር። አሁን በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ኮምፒውተር «ይህ አካባቢ የሚተዳደረው በሌላ ነው» ይለኛል። የግድ ካልክ ሲስተሙን ልስበር ብለህ በትእዛዙ ላይ ጨምርበት ይላል፤ ሳላጋንን፣ ፈርም ማለት ነው። እንዲህ እንዳይሆን ለየሥራው የተለየ ክፍል ሥራለት ይላሉ። በምን? በቨርቹዋልኤንቭ፣ በኮንዳ፣ በፒፕኤንቭ፣ በፖየትሪ፣ በፒዲኤም፣ በሃች። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ በዩቪ ነው የምትምለው። በእርግጥ ትፈጥናለች። ለምን እንደምትፈጥን ስጠይቅ ግን በረስት ስለተጻፈች ነው አለችኝ። ረስት ማለት ዝገት ነው። ብረት ዝጎ ሲያልቅ ነበር የማውቀው፤ ዘንዶው በዝገት ነፍስ ዘራ።

ቋንቋው ሲወጣ የሚመካበት ሌላም ነገር ነበር፤ ከነድንጋዩ እንደሚሸጥ ባትሪ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮት ይመጣ ነበር። በ3.13 ከድንጋዮቹ 19ኙን አወጡ። ያረጁ ናቸው፣ የሚጠብቃቸው የለም ተባለ። የእድራችንን መዋጮ የሚመዘግበው ገጽ በአንዱ፣ በሲጂአይ፣ ነበር የሚሠራው። ያረጁና ጠባቂ የሌላቸው ይውጡ የሚለው አነጋገር በእድር ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

ስለ ስብሰባ ካነሳሁ፣ ጊል የሚሉትን ትልቁን ቁልፍም ልንገራችሁ። ፓይተን ከ30 ዓመት በላይ እንደ ደህና ስብሰባ ነው የሠራው፤ ማይክሮፎኑ አንድ ነው፣ የያዘው ይናገራል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ አንድ ሌማት ውስጥ አይገባም። በ2023 ይነሳ ብለው ወሰኑ። በ2024 በሙከራ፣ በ2025 በይፋ፣ ለፈለገ ሰው ማይኩን አነሱለት። ብቻውን የሚናገር ሰው በዚህ በአዲሱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይዘገያል፤ ብዙ ሆነው የሚናገሩ ግን ይፈጥናሉ። «ጋሼ፣ ስልክዎ እንኳ ስምንት ኮር አለው እኮ፤ ሰባቱ ለምን ቁጭ ብለው ያዩታል?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ስልኬ ስምንት ይኑረው። እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም ተቆልፏል።

ባለፈው ሰሞን የአባቴን የድሮ የመሬት ደረሰኞች በኮምፒውተር ልመዘግብ ተነሳሁ። ቁጥሮቹ በሙሉ በግዕዝ ናቸው። ከቀላሉ ልጀምር ብዬ ፓይተንን «፩ አሃዝ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። አዎ፣ እውነት አለኝ። በደስታ ወንበሬን አስጠጋሁ። «እንግዲያው ወደ ቁጥር ቀይርልኝ» አልኩት። አልቀበልም፣ ይህ ቁጥር አይደለም ብሎ ስህተት አወጣ። የዓረቡን አሃዝ ሰጠሁት፣ ቀየረ። የሕንዱን ሰጠሁት፣ ቀየረ። የእኔን ግን አሃዝ መሆኑን በገዛ አፉ መስክሮ ሲያበቃ በሩን ዘጋብኝ።

እሑድ የእህቴ ልጅ ስትመጣ አሳየኋት። የእነዚያ አሃዞች ዜሮ አላቸው፣ በቦታቸው ዋጋ ይለዋወጣሉ፤ የእኛ ግን ዜሮ የለውም፣ አስሩም ፲፣ መቶውም ፻ የየራሳቸው ምልክት ናቸው፣ ስለዚህ ቋንቋው እንደ አስርዮሽ አሃዝ አይቆጥራቸውም አለች። አውቃለሁ። እኔ ነኝ በልጅነቷ ያስተማርኳት። ምክንያት ስላለው ግን ንዴቴ አልበረደም።

«እንዲህ ካንገበገበዎት ፔፕ ይጻፉ» አለችኝ።

ፔፕ ማለት ቋንቋው ላይ ይህ ይጨመር፣ ያ ይለወጥ የሚል ሰው የሚያቀርበው ጽሑፍ ነው። ያ ሁሉ መከራዬ፣ ዋልረሱም፣ መታወቂያውም፣ የቁልፉም መነሳት፣ የመጣው በየራሱ ፔፕ ነው። ከቋንቋው አንኳር ሠሪዎች ያልሆነ ሰው ሲያቀርብ ከእነሱ አንዱ ዋስ ሊሆነው ይገባል። ክፍል ክፍልም አለው፤ ለምን አስፈለገ፣ ለተማሪ እንዴት ይገለጻል፣ ውድቅ የተደረጉ ሐሳቦች የትኞቹ ናቸው።

ያን ሌሊት መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ለምን አስፈለገ የሚለው ሦስት መስመር ሆኖ ቆመ። ዋስ ከየት እንደማመጣ አላወቅኩም፣ ዘለልኩት። ውድቅ የተደረጉ ሐሳቦች ላይ ስደርስ ግን እጄ ተፈታ፤ ሲነጋጋ አስራ አንድ ገጽ ሆኖ ነበር።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ አንሥታ ማንበብ ጀመረች። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ «ቋንቋው ባለበት ይቁም፣ ምንም አዲስ ነገር አይጨመርበት የሚለው ሐሳብ፤ ለእድገት እንቅፋት ስለሆነ ውድቅ ተደርጓል» የሚል ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይህ ደግሞ የማን ሐሳብ ነው?» አለችኝ።

የአንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ነው አልኳት።